መልስ፦ ሐረጎ ላይ ጉልበት የሚያጣው የስምንት ወር መኪና

ስምንት ወር የሆነው መኪናህ ሐረጎ ላይ፣ ማለትም ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚያስወጣው ዳገት፣ ጉልበት እንደሚያጣና ባለሙያው ግን «ምንም የለውም» እንዳለህ ጠይቀሃል። ባትሪውን አታስነቅል፣ ኮዱንም (የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገበውን የብልሽት ምልክት) አታሰርዝ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስትወጣ በርቶ፣ ጋራዥ ስትደርስ የሚጠፋው የሞተር መብራት ምስክሩ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። መብራቱ ቢጠፋም ኮዱና በዚያች ቅጽበት የነበረው የሞተር ሙቀት፣ ፍጥነትና ጭነት ለተወሰነ ጊዜ ተመዝግቦ ይቆያል። «ምንም የለውም» ያለህ ባለሙያ የቆየውን ኮድ ማንበቡን ጠይቀው።

1. መብራቱ ሲበራ አብሮህ የተቀመጠ ሰው ዳሽቦርዱን በስልክ ይቅረጽ። ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን ዳር ይዘህ አቁም፤ ያልተቃጠለ ቤንዚን የጭስ ማውጫውን ማጣሪያ ያቃጥላል።

2. የሻጩን መካኒክ አሳፍረህ፣ መመርመሪያው እንደተሰካ፣ ሞተሩ በደንብ ሞቆ ሐረጎን ውጣ። ግቢ ውስጥ ቆሞ የሚደረግ ምርመራ ለእንዲህ ያለ ብልሽት ከንቱ ድካም ነው። ዳገቱ ላይ የነዳጅ ግፊት ከወረደ ፓምፑን ወይም ፊልትሮውን ጠርጥር። ሲሞቅ ብቻ አንዱ ሲሊንደር ማቀጣጠል ከተወ ቦቢናውን (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ክፍል) ከሌላው ሲሊንደር ቦቢና ጋር አቀያይሩት፤ ችግሩ አብሮት ከዞረ ጥፋተኛው ተገኘ።

3. ላልቶ የተቀመጠ የሽቦ መያያዣም አትርሱ። ርካሽ ነው፣ ብዙ ሰው ግን መጨረሻ ላይ ነው የሚያየው።

ከደረሰብኝ አንድ ነገር ልንገርህ። እኔ ዋስትናዬ ሳያልቅ ለማውቀው ኤሌክትሪሺያን ሰጥቼ አንድ ሽቦ ቆረጠ፤ ሻጩ ያንን አይቶ «ተነካክቷል» ብሎ መለሰኝ፣ ወጪውም በእኔ ላይ ወደቀ። መኪናውን ለሻጩ በወሰድክ ቁጥር ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩና ቅሬታህ የተጻፈበት ወረቀት ሳትቀበል አትውጣ።