ጽጌረዳ ውሃ ውስጥ ቆሞ ለምን አንገቱን ይደፋል?

እህታችን የጠየቁት፣ ከሆለታ መንገድ ዳር የሚገዙት ጽጌረዳ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ እያለ በሁለተኛው ቀን አንገቱን የሚደፋው ለምን እንደሆነ፣ ስኳር ቢጨምሩበትም ለምን እንዳልረዳ ነው። ሆለታ አካባቢ በሚገኝ የአበባ እርሻ ማሸጊያ ክፍል ለዓመታት ስለሠራሁና አሁንም ቡራዩ ባለው ቤቴ አበባ ስለማይጠፋ፣ የማውቀውን በዝርዝር ልጻፍልዎ።

አንገቱን የሚደፋ ጽጌረዳ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜው ሳያልቅ በውሃ ጥም የሚጠወልግ ነው። ዘንጉ ሲቆረጥ በውስጡ ያሉት ቀጫጭን የውሃ መተላለፊያዎች አየር ይስባሉ፤ አበባው መንገድ ዳር ያለ ውሃ በቆየ መጠንም ጫፉ እየደረቀ ይሄዳል። ቤት ደርሶ ውሃ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ባክቴሪያ ይራባና የተረፈውን መተላለፊያ ይደፍነዋል። ከእንቡጡ ሥር ያለው የዘንጉ ክፍል ገና ለጋ በመሆኑ ቀጥ ብሎ የሚቆመው በውስጡ ባለው የውሃ ግፊት ነው፤ ስለዚህ ውሃ ሲቋረጥበት ቀድሞ የሚታጠፈው እሱ ነው። ስኳሩ ያልረዳዎትም ከዚሁ የተነሣ ነው፤ ስኳር ብቻውን ሲጨመር ከአበባው ይልቅ ባክቴሪያውን ያጠግባል።

እንግዲህ ትልቁ ሥራ ያለው የዘንጉ ጫፍ ላይ ነው። አበባውን ይዘው እንደገቡ ጫፉን ሳፋ ውሃ ውስጥ ነክረው፣ እዚያው ውሃው ውስጥ እንዳለ፣ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ያህሉን በስል ቢላዋ በሰያፍ ይቁረጡት። እንዲህ ሲደረግ በአየር ፋንታ ውሃ ይስባል፤ ሰያፉ ደግሞ ጫፉ ከዕቃው ወለል ጋር ገጥሞ እንዳይታፈን ያደርጋል። አዲሱ ቁርጥ ነጣ ያለ አረንጓዴና እርጥብ ሆኖ መታየት አለበት፤ ቡናማ ከሆነ ወይም በጣት ሲነኩት የሚያሟልጭ ከሆነ ጥቂት ከፍ ብለው ይድገሙት። የደነዘ መቀስ ዘንጉን ይጨፈልቀዋል። ጫፉን በድንጋይ መቀጥቀጥ ውሃ ያስስባል የሚሉ ሰዎችም አሉ፤ እኔ ግን ፈጽሞ አልመክርም፤ ምክንያቱም የተቀጠቀጠ ዘንግ ቶሎ ይበሰብሳል። ውሃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል ሁሉ ያንሡ፤ ከውሃው በላይ ያለውን ግን ይተዉት። እሾኹን ሲያነሡ ልጣጩ እንዳይገሸለጥ ይጠንቀቁ።

ማስቀመጫው የምግብ ሳህን ያህል ንጹሕ መሆን አለበት። በሳሙናና በትንሽ በረኪና ታጥቦ በሚገባ ይለቅለቅ። በእርሻዎቹም አበባው እንደተቆረጠ የሚነከረው ክሎሪን ወይም አሉሚኒየም ሰልፌት ባለበት ውሃ ውስጥ ነው፤ ዓላማውም ያው የባክቴሪያን መራባት መግታት ነው። እቤት የምጠቀምበት መጠን ለ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂና የሻይ ማንኪያ ሩብ ያህል በረኪና ነው። ሎሚው የውሃውን አሲድነት ስለሚጨምር ውሃው በዘንጉ ውስጥ በቀላሉ ይወጣል፤ በረኪናው ባክቴሪያውን ሲገታው ስኳሩ ለአበባው ይተርፋል። ነገር ግን አደራ፣ በረኪናና ሎሚ ሳይበረዙ ከተገናኙ መርዛማ ጋዝ ስለሚወጣ፣ ስኳሩንና ሎሚውን አስቀድመው በሙሉ ውሃው ውስጥ ያሟሙ፤ በረኪናውን በመጨረሻ ይጨምሩ። በየሁለት ቀኑ ውሃውን ይለውጡ፤ በለወጡ ቁጥርም ጫፉን በጥቂቱ ይቁረጡ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮቻችን ይህ ከባድ ቢሆንም፣ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ንጹሕ እስከሆነ ድረስ በጣም ይስማማዋል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው የአበባው መቀመጫ ነው። እንግዳ ሲመጣ ጽጌረዳውን ከቡናው ረከቦት አጠገብ ማስቀመጥ ያምራል፤ ይሁን እንጂ የከሰልና የዕጣን ጭስ ኤትሊን የሚባል ጋዝ ስላለበት አበባውን ያስረጀዋል። የበሰለ ሙዝና አቮካዶም ይህንኑ ጋዝ ስለሚያወጡ አበባና ፍራፍሬ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ባይቀመጡ ይመረጣል። ሆለታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ብርዳም ከተማ ናት፤ አበባው እዚያ በቀዝቃዛ ሌሊት አድጎ፣ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ በሚደርስ ቅዝቃዜ ክፍል ውስጥ ቆይቶ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ማታ ማታ ወደ ቀዝቃዛ ክፍል ቢያዛውሩት ዕድሜው በግልጽ ይረዝማል። በጥቅምትና በኅዳር ግን ውርጭ ስለሚጥል ደጅ አያሳድሩት። አበባው ላይ ውሃ አይርጩ፤ በቅጠሎቹ መካከል የሚቀር እርጥበት ግራጫ ሻጋታ ያመጣል።

አንገቱን አስቀድሞ ለደፋው፣ ጫፉን ከላይ እንዳልኩት ቆርጠው፣ አንገቱ ቀጥ ብሎ እንዲደገፍ በጋዜጣ ጠቅልለው፣ ለብ ባለ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ለ1 ወይም ለ2 ሰዓት ያቁሙት። መድፋት ከጀመረ ገና ግማሽ ቀን ያልሞላው ብዙውን ጊዜ ይነሣል፤ አንገቱ ከጠቆረ ግን አይመለስም።

ሲገዙም እንቡጡን ከሥሩ በቀስታ ጫን አድርገው ይዩት። ጠንከር ያለና በትንሹ መላቀቅ የጀመረ ከሆነ ይውሰዱት፤ እንደ ስፖንጅ የሚለሰልሰውን ይተዉት። ከውጭ ያሉት አንድ ሁለት የአበባ ቅጠሎች ጠርዛቸው አረንጓዴ ወይም የተጎዳ ቢሆን አያሳስብዎ፤ እነሱ የውስጦቹ ጠባቂ ስለሆኑ ቤት ሲደርሱ ከሥር ይዘው ቢነቅሏቸው አበባው ምንም አይጎድልበትም።