ኤሲፒአይ ሲጠፋ ብቻ ለሚነሳ ላፕቶፕ፦ የፈርምዌሩን ስህተት ለይቶ በትንሹ መላ ማለፍ

የጥያቄዎን ፍሬ ነገር በአጭሩ ልድገመውና ወደ መልሱ ልግባ። ላፕቶፕዎ ዊንዶውስን ያለ ችግር ያስነሳል፤ ሊኑክስን ሲያስነሱ ግን የግረብ (ስርዓተ ክወናውን መርጦ የሚያስነሳው ፕሮግራም) ዝርዝር ካለፈ በኋላ ስክሪኑ ይጠቁርና ማሽኑ ቀጥ ብሎ ይቀራል። በከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት በሆነው ክፍል) የማስነሻ መስመር ላይ «ኤሲፒአይ=ኦፍ» ሲጨምሩ ይነሳል፤ ነገር ግን ባትሪው አይታይም፣ ታችፓዱ አይታዘዝም፣ ከፕሮሰሰሩ ኮሮች የሚሠራውም አንዱ ብቻ ነው። የጠየቁት በዚሁ መቀጠል ይቻል እንደሆነ ነው። በእኔ እምነት መቀጠል የለብዎትም። ሆኖም ሙከራው ከንቱ አልቀረም፤ ከዲስኩና ከመጫኛው ፋይል ይልቅ ፈርምዌሩ፣ ማለትም በማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠው የአምራቹ ፕሮግራም፣ ለከርነሉ የሚያስረክበውን ነገር መጠርጠር እንዳለብዎት አሳይቶዎታል። የመለኪያዎቹን፣ ማለትም በማስነሻው መስመር ላይ የሚጨመሩትን ትእዛዞች፣ ስም ከዚህ በታች እንደሚነበቡ በፊደላችን እጽፋቸዋለሁ፤ ከርነሉ የሚቀበላቸው ግን በላቲን ፊደል ሲጻፉ ብቻ ነው።

ኤሲፒአይ እ.ኤ.አ. በ1996 ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ በጋራ ያወጡት ደረጃ ሲሆን፣ ብዙ ሰው የኃይል ቁጠባ ጉዳይ ብቻ ይመስለዋል። በተግባር ግን ስንት ኮር እንዳለ፣ የትኛው መሣሪያ በየትኛው ኢንተራፕት (መሣሪያው የፕሮሰሰሩን ትኩረት በሚጠይቅበት ምልክት) እንደሚጠራ፣ የትኛው ክፍል እንዴት እንደሚበራና እንደሚጠፋ ፈርምዌሩ ለስርዓተ ክወናው የሚያስረክባቸው ሰንጠረዦች ስብስብ ነው። ዋነኛው ሰንጠረዥ ዲኤስዲቲ የሚባለው ሲሆን፣ ከመረጃው ሌላ ፕሮግራምም ይዟል፤ ከርነሉም ይህን ፕሮግራም በራሱ አስተርጓሚ እያነበበ ያስኬደዋል። ስለዚህ የአምራቹ ባለሙያ በስህተት የጻፈው ማለቂያ የሌለው ዙር የሚሽከረከረው በከርነሉ ውስጥ ነው። አምራቾች ማሽኑን በአብዛኛው የሚፈትኑት ዊንዶውስ ጭነው ስለሆነ፣ ዊንዶውስ በማይረግጠው መንገድ ላይ ያለ ጉድጓድ ማንም ሳያየው ለገበያ ይወጣል። ዊንዶውስ ራሱ ከዚህ ዓይነቱ ጣጣ ነጻ ነው ማለቴ አይደለም፤ «ኤሲፒአይ ባዮስ ኤረር» የሚል ሰማያዊ ስክሪን ሲያወጣ ፈርምዌሩ ደረጃውን አላከበረም እያለ ነው።

ማንኛውንም መለኪያ ከመሞከርዎ በፊት ሁለት ቀላል ነገሮችን ያጣሩ። የመጀመሪያው የፈርምዌር ማሻሻያ ነው፤ ዊንዶውስ ስለሚነሳልዎት ቻርጀሩን ሰክተው ከዚያው ያከናውኑት። እ.ኤ.አ. በ2019 ሦስተኛው ትውልድ የኤኤምዲ ራይዘን ፕሮሰሰሮች ሲወጡ፣ የዘፈቀደ ቁጥር የሚሰጠው የፕሮሰሰሩ ትዕዛዝ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቁጥር ይመልስ ስለነበር በአንዳንድ የሊኑክስ ስርጭቶች ሲስተምዲ (ከከርነሉ ቀጥሎ ተነስቶ ሌሎቹን አገልግሎቶች የሚያስጀምረው ፕሮግራም) ማሽኑን ማስነሳት አቅቶት ነበር። ትዕዛዙን የሚጠራው ከከርነሉ ውጭ ያለ ፕሮግራም በመሆኑ የከርነል መለኪያ እዚያ ፋይዳ አልነበረውም፤ ነገሩ የተፈታው ኤኤምዲ ለማዘርቦርድ አምራቾች ባቀረበው የፈርምዌር ማሻሻያና በሲስተምዲ ላይ በተጨመረ ማጣሪያ ነው። ሁለተኛው በጣም አዲስ ከርነል ያለውን ስርጭት በፍላሽ ይዞ መሞከር ነው። ከርነሉ ስህተታቸው የታወቀ ማሽኖችን በስማቸው እየለየ ራሱ መላውን የሚያበጅባቸው ዝርዝሮች አሉት፤ የእርስዎ ሞዴል በቅርቡ ተጨምሮ ሊሆን ይችላል።

ሁለቱም ካልረዱ፣ ማሽኑ የት ላይ እንደሚቆም ማየት ያስፈልጋል። በግረብ ዝርዝር ላይ የ«ኢ» ቁልፍን ተጭነው ከማስነሻው መስመር «ኳየት» እና «ስፕላሽ» የሚሉትን ያጥፉ፤ በምትካቸው «ኢግኖር_ሎግሌቭል» ይጨምሩና በኤፍ10 ያስነሱት። እዚህ የሚያደርጉት ለውጥ ለአንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ የሚያበላሹት ነገር የለም። ስክሪኑ ከመጀመሪያው ጀምሮ ጥቁር ከሆነ «ኧርሊኮን=ኢኤፍአይኤፍቢ» ከ«ኪፕ_ቡትኮን» ጋር ሲጨመር በዩኢኤፍአይ (አዲሱ የፈርምዌር ዓይነት) ማሽኖች ላይ የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ያሳያል። ጽሑፉ በፍጥነት ስለሚያልፍ በስልክ በቪዲዮ መቅረጽ ይሻላል።

የመጨረሻው መስመር ሁልጊዜ ጥፋተኛው ነው ብለው እንዳይደመድሙ እመክራለሁ። ያንን መስመር የጻፈው ክፍል ብዙውን ጊዜ ሥራውን በሰላም የጨረሰ ነው፤ የገደለው ከእሱ ቀጥሎ የተጀመረውና አንድ ቃል እንኳ ሳይተነፍስ የቀረው ነው። ይህን ለመለየት «ኢኒትኮል_ዲበግ» የሚለው መለኪያ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ከርነሉ እያንዳንዱን የማስጀመሪያ ተግባር ሲጠራና ተግባሩ ሲመለስ ያስመዘግባል፤ ተጠርቶ ያልተመለሰው ተጠርጣሪ ይሆናል። በተጨማሪ «ፈርምዌር በግ» የሚል ምልክት ያለባቸው መስመሮች ይታዩ ይሆናል። እነርሱን ይመዝግቡ እንጂ አይደንግጡ፤ ይህን መልእክት እያወጡ ለዓመታት ያለ ችግር የሚሠሩ ማሽኖች ሞልተዋል።

ከዚያ በኋላ «ኤሲፒአይ=ኦፍ» በአንድ ጊዜ ያጠፋውን ሁሉ ከፋፍለው፣ በአንድ ሙከራ አንድ መለኪያ ብቻ እየቀየሩ ይመርምሩ። «ኤሲፒአይ=ኖአይአርኪው» የሚያጠፋው በኤሲፒአይ የሚደረገውን የኢንተራፕት ድልድል ብቻ ነው፤ በእሱ ከተነሳ ምርመራው በእጅጉ ጠበበ ማለት ነው። «ፒሲአይ=ኖኤምኤስአይ» ሌላውን የኢንተራፕት ዓይነት ይፈትናል። «ኖሞድሴት» ደግሞ የግራፊክስ ድራይቨሮች (ካርዱን የሚያሠሩት ፕሮግራሞች) ሥራ እንዳይጀምሩ ያደርጋል። በየቦታው እየተገለበጠ የሚሰራጨውን የስምንትና የአሥር መለኪያ ጥርቅም በአንድ ላይ መለጠፍን ግን አልወደውም፤ ማሽኑ ቢነሳ እንኳ የትኛው እንዳስነሳው፣ የትኞቹ ደግሞ ያለ ጥቅም አቅሙን እየቀነሱ እንደሆነ አይታወቅም።

እርስዎ ከገለጹት ምልክት ተነስቼ አብዝቼ የምጠረጥረው ሁለተኛውን የግራፊክስ ካርድ ነው፤ ላፕቶፑ ከኢንቴል ግራፊክስ በተጨማሪ የኤንቪዲያ ካርድ እንዳለው ጠቅሰዋልና። በእነዚህ ማሽኖች ላይ ኑቮ የተባለው የኤንቪዲያ ካርድ ድራይቨር ካርዱ ሥራ ሲፈታ ኃይል ለመቆጠብ እንዲጠፋ ያዛል፤ የማጥፋትና የማብራት ሥራው የሚከናወነው ግን ቀደም ሲል በተናገርኩት የዲኤስዲቲ ፕሮግራም አማካይነት ነው። ያ ፕሮግራም ካርዱ እስኪነቃ በዙር እየጠበቀ፣ ካርዱም ሳይነቃ ሲቀር፣ ማሽኑ አብሮ ይቆማል። ኤሲፒአይ ሲጠፋ የሚነሳውም ካርዱን የሚያስተኛው ፕሮግራም ጨርሶ ስለማይጠራ ነው። አዳዲስ ከርነሎች እንዲህ ያለውን ዙር ከ30 ሰከንድ በኋላ ያቋርጡታል፤ ስለዚህ ቀጥ ባለ ቁጥር ወዲያው ከማጥፋት ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይታገሡ፤ የሚወጣው የስህተት መልእክት የተግባሩን ስም ሊነግርዎት ይችላል።

ይህን ግምት ማረጋገጥ ቀላል ነው። «ሞጁል_ብላክሊስት=ኑቮ» ብቻ ጨምረው ያስነሱ። ከተነሳ፣ በምትኩ «ኑቮ.ረንፒኤም=0» ይሞክሩ፤ ይህ ድራይቨሩ እንዲሠራ ፈቅዶ ካርዱን ማስተኛቱን ብቻ ይከለክላል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ያመጣልኝ ላፕቶፕ ተነስቶ መግቢያውን ካሳየ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ይደርቅ ነበር፤ የሚደርቅበት ጊዜ ካርዱ ከሚተኛበት ጊዜ ጋር መገጣጠሙ ነገሩን አጋልጦት በዚህችው አንዲት መለኪያ ተስተካከለ። ዋጋው ባትሪው ቶሎ ማለቁ ነው፤ ከአንድ ኮርና ከጠፋ ታችፓድ ጋር ሲነጻጸር ግን ተመራጭ ነው።

እሱም ካልሠራ የሚቀጥለው መሣሪያ ኦኤስአይ የተባለው ነው። የፈርምዌሩ ፕሮግራም ሥራ ሲጀምር ስርዓተ ክወናውን «አንተ ዊንዶውስ 2009 ነህን? ዊንዶውስ 2012 ነህን? ዊንዶውስ 2015 ነህን?» እያለ ይጠይቃል፤ ቁጥሮቹ እንደ ቅደም ተከተላቸው ዊንዶውስ 7ን፣ 8ን እና 10ን ያመለክታሉ። ሊኑክስ ለሁሉም «አዎ» ብሎ ይመልሳል፤ ካልመለሰ ብዙ ፈርምዌሮች ያልተፈተነና የተረሳ መንገድ ስለሚመርጡለት ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን የሚያስቸግረው ለአዲሱ ዊንዶውስ የተጻፈው መንገድ ራሱ ይሆናል። «ኤሲፒአይ_ኦኤስአይ=!» የሚለው መልሶቹን በሙሉ ይሰርዛል፤ ከእሱ ቀጥሎ «ኤሲፒአይ_ኦኤስአይ=ዊንዶውስ 2009» ሲጨመር ፈርምዌሩ ማሽኑ ላይ ዊንዶውስ 7 እንዳለ ያህል ይሠራል። ቅደም ተከተላቸው መጠበቅ አለበት። የትኞቹን ስሞች እንደሚጠይቅ ሳይገምቱ ለማወቅ፣ የዲኤስዲቲውን ሰንጠረዥ አውጥተው «ዊንዶውስ» የሚለውን ቃል ይፈልጉበት፤ ኤሲፒአይ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ሳለ በ«ሲስ» ማውጫ ሥር ስለማይገኝ ግን ኑቮን በማገድ የተነሳ ክፍለ ጊዜ ያስፈልግዎታል። ወደ አሮጌ መንገድ መመለስ የስክሪኑን ብርሃን መቆጣጠሪያ ወይም የታችፓዱን አዲስ አሠራር ሊያሳጣ እንደሚችል ይወቁ፤ ስለዚህ ከአዲሱ ጀምረው ወደ ኋላ ይሂዱ እንጂ በአንድ ዝላይ 2009 ላይ አይድረሱ።

ከግራፊክስ ውጭ ያሉትን በፍጥነት ልለፋቸው። ምዝገባው ላይ ስለ ዲኤምኤአር ሰንጠረዥ (መሣሪያዎች ሚሞሪ የሚደርሱበትን መንገድ የሚገልጸው) «ባዮስህ የተበላሸ ነው» የሚል መልእክት ካዩ «ኢንቴል_አይኦኤምኤምዩ=ኦፍ» ይሞክሩ፤ መሣሪያዎች ያለ ፈቃድ ሚሞሪ እንዳይነኩ የሚደረገው ጥበቃ አብሮ ስለሚቀር ግን በቋሚነት ከመተውዎ በፊት «ኢንትሪማፕ=ኦፍ» ብቻውን ይበቃ እንደሆነ ያረጋግጡ። ከርነሉ ሲቆም የሚያወጣው መልእክት የዩኢኤፍአይ አገልግሎቶችን ስም ካነሳ «ኢኤፍአይ=ኖራንታይም» ያሳልፈዋል። አንዳንድ ፈርምዌሮች ለከርነሉ አስረክበነዋል ያሉትን ሚሞሪ መልሰው ይነኩታል፤ ከርነሉም ይህን ስለሚያውቅ ያንን ሚሞሪ ለጊዜው ሳይጠቀምበት ይቆያል፤ ይህ ግን ሁሉንም ማሽን አያድንም። በዚህ መለኪያ ከተነሱ የማስነሻ ዝርዝሩን ከሊኑክስ ውስጥ መቀየር አይቻልም።

የዩኢኤፍአይ ተለዋዋጮችን (ፈርምዌሩ ቅንብሮቹን የሚያስቀምጥባቸውን) በእጅ ከመነካካት ግን ይቆጠቡ። እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ አንዳንድ የሳምሰንግ ላፕቶፖች ሊኑክስን በዩኢኤፍአይ ካስነሱ በኋላ ዳግም የማይነሱ ሆነው ቀርተው ነበር። በመጀመሪያ የተጠረጠረው የላፕቶፑ ድራይቨር ነበር፤ ኋላ ግን የተለዋዋጮቹ ማከማቻ ሲሞላ ፈርምዌሩ መቋቋም እንደማይችል፣ ከዊንዶውስም ቢሆን ያንኑ ጉዳት ማድረስ እንደሚቻል ታወቀ። ከርነሉ ከማከማቻው 5 ኪሎባይት ያህል ሳይነካ እንዲተው የተደረገው ከዚያ በኋላ ነው። ሌላው ስህተት ቢበዛ አንድ ያልተሳካ ማስነሳት ያስከትላል፤ ይህኛው ማዘርቦርዱን ሊያሳጣዎት ይችላል።

የዲኤስዲቲውን ሰንጠረዥ ፈትቶ፣ አርሞና መልሶ አጠናቅሮ በኢኒትራምኤፍኤስ (ከርነሉ ሲነሳ በመጀመሪያ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ የፋይል ስብስብ) ፊት ማስቀመጥም ይቻላል፤ ሥራው ጥበብ ያለበት ቢሆንም ለዕለታዊ ማሽን አልመክረውም። በሰንጠረዡ ውስጥ የሚሞሪ አድራሻዎች ተጽፈውበታል፤ ፈርምዌሩ ሲሻሻል ወይም ሚሞሪ ሲጨመር አድራሻዎቹ ሊለወጡ ስለሚችሉ፣ ያረሙት አሮጌ ቅጂ አዲስ ብልሽት ያመጣል። ሴኪዩር ቡት (ያልተፈረመ ሶፍትዌር እንዳይነሳ የሚያግደው ጥበቃ) በበራበት ማሽን ላይም በአብዛኛው ከርነሉ አይቀበለውም።

የሚሠራውን ካገኙ በኋላ በግረብ የማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ ጽፈው ግረብን ያድሱት። «ዊንዶውስ 2009» በመካከሉ ክፍት ቦታ ስላለው በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ሌላ ትእምርተ ጥቅስ ይፈልጋል፤ ብዙ ሰው «አልሠራም» የሚለው እዚህ ላይ ተቆርጦበት ነው። ስለዚህ ከተነሳ በኋላ በ«ፕሮክ» ማውጫ ያለውን «ሲኤምዲላይን» ፋይል አንብበው ከርነሉ የተቀበለውን በትክክል ያረጋግጡ። ከመለኪያው በላይ ባለው መስመር ለምን እንደጨመሩትና በየትኛው የፈርምዌር ስሪት ላይ እንደሆነ በአጭሩ ይጻፉ፤ ፈርምዌሩ ወይም ከርነሉ በተሻሻለ ቁጥር መለኪያውን ለአንድ ማስነሻ አንስተው ይፈትኑ።

እስከዚያው የማሽኑን ሞዴል፣ የፈርምዌሩንና የከርነሉን ስሪት፣ እንዲሁም «ኢኒትኮል_ዲበግ» በርቶ ሳለ የታዩትን የመጨረሻ 20 ያህል መስመሮች ፎቶ እዚህ ቢለጥፉልን የትኛው መንገድ እንደሚመለከትዎት ለይተን መናገር እንችላለን። የማሽኑን መለያ ቁጥር ከመለጠፍዎ በፊት ይሸፍኑት። ስህተቱ የፈርምዌሩ መሆኑ ከተረጋገጠም ያንኑ መረጃ ለከርነሉ አልሚዎች መላክ ይቻላል፤ ሞዴልዎ ወደ ዝርዝራቸው ከገባ ተመሳሳይ ላፕቶፕ ያለው ሌላ ሰው ይህን ሁሉ መለኪያ መጻፍ አያስፈልገውም።