ላሜ አጥንት የምታኝከው ምን ጎድሏት ነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ሸኖ አካባቢ ነው። አንዲት ክልስ ላም አለችኝ፤ በቀን 6 ሊትር ትታለባለች። ከወለደች 7 ወሯ ነው፣ እስካሁን ኮርማ አልፈለገችም። ሰሞኑን ደግሞ አጥንት ካገኘች ቆማ ታኝካለች። የልጆቼን ልብስ ሳይቀር ከገመድ ላይ ጎትታ በላችብኝ። የምትበላው የገብስ ገለባና ኅዳር ላይ ከራሴ መስክ የማጭደው ድርቆሽ ነው። ፉርሽካ ሲወደድብኝ ተውኩት። አሞሌ ግን አሳጥቻት አላውቅም።

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ላምሽን እንዳትመቻት። ልጅ ሆኜ ደብረ ብርሃን አጠገብ ከብት ስጠብቅ ድማም የምትባል ላም ነበረችን። አጥንት ባነሳች ቁጥር በዱላ እያባረርኩ አስጥላት ነበር። ክፉ አመል መስሎኝ ነው። ኋላ የእንስሳት ጤና ስማር ረሃብ መሆኑ ገባኝ። ዛሬም ሳስታውሳት ታሳዝነኛለች።

የላምሽ ምልክት ፎስፈረስ የሚባለው የአጥንት ማዕድን እጥረት ይመስላል። አጥንት ማኘክ፣ ጨርቅ መብላት፣ ኮርማ ሳይፈልጉ መቆየት ብዙ ጊዜ አብረው ይመጣሉ። አሞሌውን አታቋርጪ። ግን አሞሌ ጨው ነው፤ ይህን ጉድለት አይሞላም።

እስቲ እናስላው። ከእያንዳንዱ ሊትር ወተት ጋር 1 ግራም ያህል ፎስፈረስ ይወጣል። ላምሽ በየቀኑ 6 ግራም ገደማ በወተቷ ትሰጥሻለች፤ ለራሷ የሚያስፈልጋት ሌላ ነው። 1 ኪሎ ገለባ ውስጥ ያለው ደግሞ 1 ግራም ቢሆን ነው፣ እሱም ሁሉ ሰውነቷ ውስጥ አይገባም። የጎደለውን ከገዛ አጥንቷ ላይ እየቀነሰች ነው ወተት የምትሰጥሽ። 1 ኪሎ ፉርሽካ 10 ግራም ገደማ ይዟል። መወደዱን አውቃለሁ። ቢሆንም በቀን 1 ኪሎም ብትሆን መልሺላት። የኑግ ፋጉሎ ካገኘሽም ጥሩ ነው።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን መስክሽ ነው። ኅዳር ላይ ሳሩ ፍሬውን አራግፎ አገዳው ብቻ ቀርቷል። ሳር ሲያረጅ ፎስፈረሱም ይወርዳል። ማበብ ሲጀምር እጨጂው፤ መስከረም ማብቂያ ወይ ጥቅምት መግቢያ ላይ ዝናቡ ፋታ ሲሰጥሽ። ክምሩ አነስ ይልብሻል፣ አይክፋሽ።

አመድሽንስ የት ነው የምትደፊው? መስኩ በየዓመቱ ይታጨዳል፣ ይጋጣል። እበቱ ግን ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል፣ ለመሬቱ የሚመለስለት የለም። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ በጭስ ይሄዳል፤ ፎስፈረሱና ካልሲየሙ ግን አመዱ ውስጥ ይቀራሉ። በጆንያ አጠራቅሚና ሰኔ ላይ መስኩ ላይ በትኚው። ዝናብ እስኪያጥበው ድረስ ከብት አታስገቢ። የደጋ አፈር ብዙ ቦታ አሲዳማ ነው፣ ፎስፈረሱን ይዞ ለሳሩ አይለቅም። አመድ ይህን በጥቂቱ ያለዝባል። የቀበሌሽ የግብርና ባለሙያ አፈሩን ያስመርምርልሽ፤ ኖራ ያስፈልገው ይሆናል።

መሬቱ ፎስፈረስ ሲያገኝ ደስ የሚለው ማገጥ፣ ያ ከሳሩ መሃል የሚበቅለው ባለ ሦስት ቅጠል ተክል ነው። በካልሲየም ከሳር በብዙ ይበልጣል፣ ፉርሽካ የሚያንሰውም እሱ ስለሆነ ሁለቱ ይደጋገፋሉ። ማገጡ ሲበረታ ግን ላሟን በባዶ ሆዷ ጤዛው ሳይረግፍ አትልቀቂያት፣ ሆዷ ይነፋል። መጀመሪያ ገለባ ታቅምስ።

ግቢሽ ውስጥ ያለውን አጥንት ለቅመሽ ጥልቅ አድርገሽ ቅበሪ። የሞተ ከብት አጥንት ላይ ላሟን ሽባ አድርጎ የሚገድል መርዝ ሊኖር ይችላል። የበላችው ጨርቅም ያሳስበኛል። ማመንዠክ ካቆመች ወይም ሆዷ ከተወጠረ ውላ እንዳታድር፣ ሐኪም ጥሪ። ደህና ብትመስልሽም አንድ ቀን ሐኪሙን አምጪው፤ 7 ወር ብዙ ነው፣ ማህፀኗንም ይይልሽ።