የምክር ቤት ክርክር መዝጋቢ ልሁን?

ጥያቄ፦ የቋንቋ ተማሪ ነኝ፤ ዘንድሮ እመረቃለሁ። የምክር ቤት ክርክሮችን መዝግቦ በማሰናዳት ሥራ ብሰማራ ደስ ይለኛል። ጓደኞቼ ግን «ኮምፒውተር ድምፅን ወደ ጽሑፍ በሚቀይርበት ዘመን?» ብለው ይስቁብኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ጓደኞችሽ አንድ ነገር አልተሳሳቱም፤ ፈጥኖ በመጻፍ ብቻ የሚተዳደሩበት ጊዜ እያለፈ ነው። የዚህ ሙያ ፈተና ግን ፍጥነት ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ ዋናው ታማኝነት ነው።

የእንግሊዝን ፓርላማ ተመልከቺ። እ.ኤ.አ. በ1738 ክርክሩ እንዳይታተም ሲከለከል፣ አንድ መጽሔት ሊሊፑት የምትባል የልብ ወለድ አገር ሸንጎ ወሬ አስመስሎ ያወጣው ጀመር። ጸሐፊው ሳሙኤል ጆንሰን አዳራሹን የረገጠው እምብዛም ነው፤ ከሰማው ፍንጭ ተነሥቶ ንግግሩን ራሱ ይደርሰው ነበር። አማርኛ ቢሆን «አፍ ያስከፍታል» የሚባልለት ጽሑፍ ነው፤ መዝገብ ግን አይደለም። ስሙ በብዙ አገሮች የመዝገቡ መጠሪያ ሆኖ የቀረው አታሚው ሃንሳርድም ቢሆን በአብዛኛው ከጋዜጦች ይለቅም ነበር። የታችኛው ምክር ቤት የራሱን ጸሐፊዎች ያሰማራው በ1909 ነው። መመሪያቸውም ድግግሞሽና ግልጽ ስህተት ይውጣ፣ ለሐሳቡ አንዳች የሚጨምር ግን አይነካ የሚል ነው።

ይህ ሲነገር ይቀላል። አንድ አባል «ይህ አንቀጽ 12፣ ይቅርታ፣ 14፣ አይጠቅምም፤ ጨርሶ አይጠቅምም» አሉ እንበል። 12 ይወጣል። «ጨርሶ አይጠቅምም» ድግግሞሽ ቢመስልም አጽንዖት ነውና ይቆያል። ቀጣዩ ተናጋሪ «የተከበሩት አባል 12ን ከ14 መለየት አልቻሉም» ብለው ከተሳለቁ ደግሞ ያወጣሽውን 12 መመለስ ግድ ነው፤ አለበለዚያ መልሱ አየር ላይ ይንጠለጠላል። ይህን የሚያመዛዝን ሰው ገና ይፈለጋል።

ስለዚህ ከትየባ ሥልጠና በፊት የስብሰባ ሥነ ሥርዓት አጥኚ። የምክር ቤቱን የአሠራር ደንብ አንብቢ፤ ማሻሻያ ከዋናው የውሳኔ ሐሳብ በፊት ለምን ድምፅ እንደሚሰጥበት፣ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ ንግግርን መቼ እንደሚያቋርጥ ካላወቅሽ ጉባኤው ሲደበላለቅ አንቺም ትደበላለቂያለሽ። ከዚያ የተቀዳ ክርክር ጥቂት ደቂቃ ገልብጪ፤ አርሚው፤ ከታተመው መዝገብ ጋር አስተያዪው። ከማመልከቻሽ ጋር የምታያይዢው ናሙና ይሄው ነው።

ማስታወቂያው «ቃለ ጉባኤ ያዥ» ካለ ሥራው ውሳኔዎችን ብቻ መያዝ ሊሆን ይችላል፤ ጠይቂ። በቃለ መጠይቁ ላይም አንድ አባል «እንዲህ አላልኩም፤ ይስተካከልልኝ» ሲሉ የመጨረሻው ቃል የማን እንደሆነ አጣሪ።