ለክርክር የተጻፈችውን አንቀጽ አትለፏት

ወጣት ነጋዴዎችና የሕግ ባለሙያዎች ሆይ፣

ውል ስትዋዋሉ ዋጋውና የክፍያው ጊዜ ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ ትደራደራላችሁ። አለመግባባት የሚፈታበት አንቀጽ ላይ ሲደረስ ግን ሁሉም ደክሞታል፤ ከሌላ ውል ተገልብጦ «ክርክር ቢነሣ በግልግል ይታያል» ይባልና ይፈረማል። በጥብቅና ሕይወቴ የዚህች አጭር መስመር ጣጣ ብዙ ነጋዴ ሲያደማ አይቻለሁ። ገላጋይ ዳኛው አንድ ነው ወይስ ሦስት? አንዱ ወገን አልሾምም ቢል ማን ይሾማል? ዋናው ገንዘብ ሳይነካ በዚህ ብቻ ከችሎት ችሎት ይኬዳል።

አስቀድሞ ይህን ለዩ። ሽማግሌ ያስታርቃል፤ ያቀረበውን ሐሳብ አልቀበልም ማለት ትችላላችሁ። ገላጋይ ዳኛ ግን ይፈርዳል፤ ፍርዱም እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ ይፈጸምባችኋል። ዳኛውን ራሳችሁ ትመርጣላችሁ፤ ክርክሩ የግንባታ ከሆነ መሐንዲስ ማስቀመጥ ትችላላችሁ፤ ገመናችሁም አደባባይ አይወጣም። አበላቸውን የምትከፍሉት ግን እናንተ ናችሁ። ለመለስተኛ ገንዘብ ሦስት ገላጋይ መሰየም ኪሳራ ነው።

ግልግል ሁሉን ይፈታል የሚላችሁን አትስሙ። በእጃችሁ ቼክ ካለ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 284 የተፋጠነ ሥርዓት አለላችሁ፤ ፍርድ ቤት ሂዱ። በስምምነቱ ላይ ያልፈረመ ዋስ ወይም ንዑስ ተቋራጭ ያለበትን ጉዳይም ገላጋዮች አስገድደው ሊያስገቡት አይችሉም። የመሬት፣ የታክስና የመክሰር ክርክር በግልግል አይታይም። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር የሚደረግ የአስተዳደር ውልም ሕግ ካልፈቀደ በቀር እንዲሁ ነው።

ክርክሩ የሚካሄድበትን ቦታ ስትጽፉ ደግሞ የኢትዮ ጅቡቲ ምድር ባቡርንና የጣሊያኑን ተቋራጭ ኮንስታን አስታውሱ። ክርክሩ የአሮጌውን ሐዲድ እድሳት ይመለከት ነበር። በሄግ ያለው ቋሚ የግልግል ፍርድ ቤት ያስተዳደረው ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2016 ለተቋራጩ 20 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ፈረደ። የግልግሉ መቀመጫ፣ ማለትም ፍርዱን የየትኛው አገር ፍርድ ቤት መመርመር እንደሚችል የሚወስነው ቦታ፣ ግን አዲስ አበባ ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. መሠረታዊ የሕግ ስሕተትን የሚያርመው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ፍርዱን ሻረው። ችሎቱ ከዚያ ቀደም ብሎም፣ በብሔራዊ ማዕድን ኮርፖሬሽንና በዳኒ ድሪሊንግ ጉዳይ፣ ተዋዋዮች «የገላጋዮች ፍርድ የመጨረሻ ይሁን» ቢሉም የሕግ ስሕተትን ከማረም አልከለከልም ብሎ ነበር።

አሁን ስለ ግልግል ዳኝነትና ዕርቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ነገሩን ለውጦታል። ይግባኝ የሚኖረው በስምምነታችሁ ከፈቀዳችሁት ብቻ ነው። ሰበር ግን በተቃራኒው ነው፤ እንዳይኖር ካልተስማማችሁ በቀር መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አለ የሚል ወገን አቤት ማለት ይችላል። ስለዚህ ዝም ማለታችሁ ራሱ ምርጫ ነው። እኔ ሰበርን ለመዝጋት አትቸኩሉ እላለሁ፤ በተለይ ሌላው ወገን ከእናንተ ይልቅ አቅምና ልምድ ካለው። ያ በር ለደካማው የመጨረሻ መጠጊያ ሲሆን አይቻለሁና። ሁለታችሁም ተመጣጣኝ ከሆናችሁና ፍጥነት ከሁሉ የሚበልጥባችሁ ከሆነ ግን ዝጉት፤ በግልጽ ጻፉት።

የውጭ ሸሪክ ላላችሁ ደግሞ፣ ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ስምምነትን ተቀላቅላለች። ውጭ አገር የተሰጠን የግልግል ፍርድ እዚህ፣ እዚህ የተሰጠውንም በሌሎች አባል አገሮች ለማስፈጸም ትልቅ መንገድ ከፍቷል። አገራችን ግን ስምምነቱ ከመቀላቀሏ በፊት የተፈረሙ የግልግል ስምምነቶችን እንደማይመለከት አስታውቃለች። ከአባቶቻችሁ ወይም ከቀድሞ ባለድርሻ የወረሳችሁት የቆየ ውል ካለ ቀኑን ተመልከቱ፤ ነገሩ ሰላም ሳለ ከሸሪካችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ አዲስ የግልግል ስምምነት ተፈራረሙ።