ሥራ ሳልለቅ የተፋጠነ ነርሲንግ እችላለሁ ወይ ላልሽው

እህቴ፣ በሌላ ሙያ ዲግሪ ይዘሽ፣ አሜሪካ ውስጥ የተፋጠነውን የነርሲንግ ዲግሪ ሥራ ሳትለቂ መማር ትችይ እንደሆነ ጠይቀሻል። ሙሉ ቀን እየሠራሽ ከሆነ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ አይመስለኝም። አብዛኛው ፕሮግራም ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጃል። ያጠረው ጊዜው እንጂ ትምህርቱ አይደለም። ክፍል አለ፣ ላብራቶሪ አለ፣ የሆስፒታል ልምምድ አለ። ልምምዱ አንዳንዴ 12 ሰዓት ቆሞ መዋል ነው፤ ሌሊትም ሊሆን ይችላል። አለቃሽ በየሳምንቱ ፈረቃ ይቀያይርልሻል?

ገንዘቡንም አስቢበት። ፔል ግራንት የሚባለው የመንግሥት ድጋፍ በአጠቃላይ የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው አይሰጥም። ብድር ነው የሚቀርሽ፣ ወይ ስኮላርሺፕ።

አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂና ማይክሮባዮሎጂ ቀድመሽ መውሰድ ይኖርብሻል። ብትወስጂም አንዳንድ ትምህርት ቤቶች የቆየ ውጤት አይቀበሉም። ትምህርት ቤቱ እውቅና እንዳለው፣ ተመራቂዎቹም የፈቃድ ፈተናውን፣ ኤንክሌክስን፣ ምን ያህሉ በመጀመሪያ ሙከራ እንደሚያልፉ ሳታጣሪ አትመዝገቢ።

ሙያውን መውደድሽን ካልተማመንሽበት ግን መጀመሪያ በረዳት ነርስነት ጥቂት ወራት ሥሪ። ሰው ሁሉ ደም ይፈራል፤ እኔን ግን የከበደኝ የተጨነቀ ቤተሰብን ማናገር ነበር።