አባቴ ከሆስፒታል በወጡ በሦስት ሳምንት ለምን ይመለሳሉ?

ጥያቄ፦ አባቴ 66 ዓመታቸው ነው። የልብ ድካም አለባቸው ከተባልን ስምንት ወር ሆነን። ሆስፒታል ተኝተው ውኃው ሲወጣላቸው ደህና ይሆናሉ። ቤት ገብተው ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ግን እግራቸው ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። አሁን ለሦስተኛ ጊዜ ተኝተው ወጡ። መድኃኒታቸውን ይወስዳሉ፣ ጨውም ቀንሰናል። ጉልበታቸውን ሲያማቸው ከሚውጧት ክኒን በቀር ሌላ የሚጨምሩት የለም። ምን አጎደልን?

መልስ፦ መጀመሪያ ያቺን የጉልበት ክኒን እንያዛት። ስሟን አልጻፉልኝም። ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከሆነች ግን አንዷ ተጠርጣሪ ተገኘች። እነዚህ ማስታገሻዎች ኩላሊት ጨውና ውኃ እንዲይዝ ያደርጋሉ፤ የሚያሸናውን መድኃኒትም (ላሲክስን) ያዳክሙታል። አባትዎ ጠዋት በላሲክስ ያስወጡትን ማታ መልሰው ያስገቡታል ማለት ነው። ያለ ማዘዣ ስለምትገዛ ቤት ውስጥ ማንም እንደ መድኃኒት አይቆጥራትም። ሐኪማቸውን እስኪያማክሩ ትቅር። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይሻላል። ውኃ ውስጥ የሚሟሟው ዓይነት ግን ሶዲየም ስላለበት አይሆንም።

አንዳንድ ሰው ድንገት ደረት አስይዞ የሚጥለውንም ሕመም የልብ ድካም ይለዋል። እዚህ የምናወራው ደም የመግፋት አቅሙ ስላነሰ ልብ ነው። ደሙ ወደፊት በደንብ ካልሄደ ውኃው ሳንባና እግር ላይ ይጠራቀማል። ሆስፒታሉ ውኃውን አወጣ እንጂ ልቡን አዲስ አላደረገውም። ለዚህ ነው ከወጡ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ወር የሚከብደው። የአሜሪካ መንግሥት ሕሙማን በ30 ቀን ውስጥ ከሚጠበቀው በላይ የሚመለሱበትን ሆስፒታል ክፍያ መቀነስ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። እዚያም ቢሆን እስካሁን ከአምስት የልብ ድካም ሕሙማን አንዱ ገደማ ይመለሳል።

«መድኃኒታቸውን ይወስዳሉ» ብለዋል። እስቲ ቀስ ብለው ይጠይቋቸው። «አንድም ቀን አላጓደልኩም» የሚሉኝ አንድ አባት ነበሩ። አራተኛ ጊዜ ሲተኙ ባለቤታቸው ሳቅ ብለው «ለቅሶ ያለ ቀን እኮ ላሲክሱን አይውጥም» አሉኝ። ሰውየው የዕድር ዳኛ ናቸው። ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው በየሃያ ደቂቃው ለሽንት መነሳት ያሳፍራቸዋል። ሰፈሩ ደግሞ ሰፊ ነው፣ ለቅሶ አይጠፋም። ጥፋቱ የእኔም ነበር፤ «ይወስዳሉ?» እያልኩ ጠየቅኩ እንጂ «መቼ ይዘላሉ?» አላልኩም። እንዲህ ባለ ቀን ወደ ቤት ሲመለሱ እንዲውጡት ሰዓቱን አዛወርንላቸው። ሌላው ሰው በጾም፣ በመንገድ ወይም በገንዘብ እጥረት ይዘላል። ጾም ከሆነ ለሐኪሙም ለንስሐ አባትም መንገር ነው፤ በራስ ማቆም ግን አደገኛ ነው።

ጨዉስ? «ወጡ ላይ አልጨመርንም» ማለት ብቻ አይበቃም። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበት ነው የሚፈጨው። ሚጥሚጣውም እንደዚያው። ሾርባ ላይ የሚጨመረው ኩብማ ጨው ነው ማለት ይቻላል። ለአባትዎ ጨው ያልገባበት በርበሬ ለብቻ ያስፈጩ። ቤተሰቡ ሁሉ ቢበላውም አይጎዳም፤ ሳምንት ሁለት ሳምንት ያጉረመርማሉ፣ ከዚያ ይለምዱታል።

አሁን ሚዛን ይግዙ። ውኃው ትንፋሽ ከማሳጠሩ ቀናት በፊት ኪሎ ላይ ይታያል። ጠዋት ሽንት ቤት ደርሰው፣ ቁርስ ሳይቀምሱ፣ በቀላል ልብስ ይመዘኑና ደብተር ላይ ይጻፉት። በአንድ ቀን ከ1 ኪሎ በላይ ወይም በሳምንት ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመሩ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይደውሉ። መንገድ ዳር ልጆች ይዘውት የሚቀመጡት ሚዛን ለጨዋታ ጥሩ ነው፤ ለዚህ ግን በየቀኑ ያው አንድ ሚዛን ያስፈልጋል።

ሁሉንም በቤተሰቡ ላይ መጫን ደግሞ ልክ አይደለም። ውኃው በደንብ ሳይወጣ አልጋ ለሌላ ሰው ስለሚፈለግ ብቻ የሚለቀቅ ሕመምተኛ አለ። «ከሦስት ወር በኋላ ይምጡ» የሚባልም አለ። የመጀመሪያው ቀጠሮ በ7 እና በ14 ቀን መካከል መሆን አለበት፤ ሳይጠየቅ ካልተሰጠ ይጠይቁ። የሳንባ ምች፣ ደም ማነስ፣ የተዛባ የልብ ምት፣ የኩላሊት ችግርና ያልተስተካከለ የደም ግፊትም መልሰው ያስተኛሉ። እነዚህን ምርመራ ነው የሚለያቸው።

አባትዎ በአንድ ትራስ ይተኙ ከነበረና አሁን ሦስት ካስፈለጋቸው፣ ወይም ሌሊት ታፍነው ተነስተው መስኮት ከከፈቱ፣ ሳይነጋ ይውሰዷቸው። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ደግሞ ያሏቸውን መድኃኒቶች በሙሉ በፌስታል ይዘው ይሂዱ። የጉልበቷንም ክኒን ጨምረው።